እግር አይቶ ኑሮን መናገር

እግር አሳዩኝ፤ የባለቤቱን ኑሮ እነግራችኋለሁ። ሥራዬ ነው። ኤደን ከተማ፣ ተዋሂ ሰፈር ውስጥ ባለው ክሊኒካችን፣ አውራ ጣታቸው ተጣሞ አጥንቱ የወጣባቸውን ሴቶች የእግር ጡንቻ በአልትራሳውንድ እናጠናለን።

ባለፈው ኒቃብ የለበሱ ሴትዮ ገብተው፣ ትንፍሽ ሳይሉ እግራቸውን ዘረጉልኝ። ጄሉን ቀብቼ ስክሪኑን ሳይ፣ የአውራ ጣቱ ጡንቻ ሳስቷል።

«ኻላ፣ እናቴ፣ ቆመው ነው የሚውሉት አይደል?»

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«ቤት ውስጥ ምራት የለችም?»

«አንድ አለች» ለማለት አንድ ጣት አወጡ።

«ታዲያ እሷ ምን ትሠራለች? ወላሂ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማጀቱን ለእሷ ይተዉላትና እግርዎን ሰቀል አድርገው ይቀመጡ! እምቢ ካለች እኔ ጋ ይላኳት።»

ኒቃባቸውን ገለጡት። አማቴ ናቸው።

«እሺ ሐኪሜ» አሉኝ፤ «እንግዲያው ማታ ሩዙን አንቺ ትጥጂያለሽ።»