ስም የሌላቸው ሁለት ክኒኖች

ቅዳሜ ለምሳ ቤት ስገባ እናቴ አልነቃ አለችኝ...

ብነቀንቃት ዓይኗን አትገልጥም። ትንፋሿ እየቆየ ነው የሚመጣው። ትራሷ ሥር፣ በብጣሽ ወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ነጭ ክኒኖች አገኘሁ። ሐኪም ለወገቧ ያዘዘላትን ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ቁም ሣጥን ውስጥ የምቆልፈው እኔ ነኝ፤ ጠዋትም በእጄ ሰጥቻታለሁ። ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?

መኪና ለምኜ ሆስፒታል አደረስኳት። ሐኪሙ ክኒኑን አገላብጦ አየው።

«ስሙ ምንድን ነው?»

«አንተ እንድትነግረኝ አይደል ያመጣሁት!»

«ጋሼ፣ ነጭ ክብ ክኒን ስንት ዓይነት አለ። ሳላውቅ የማርከሻ መርፌ ብወጋቸው እገድላቸዋለሁ። የሰጣቸውን ሰው ይፈልጉልኝ... ግን ቶሎ!»

ሸዋ በር ወዳለው መድኃኒት ቤት ሮጥኩ። ባለቤቱ አንዱን በጥርሱ ቆረሰና ቀመሰው።

«ይመራል» አለኝ።

የማይመር ክኒን የት አለ! ሰድቤው ወጣሁ።

ጠዋት እናቴን ሊጠይቁ የመጡት ፈላና በር ያሉት ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘይነባ ብቻ ነበሩ። በራቸውን በጡጫ ደበደብኩት።

«እናቴን ምን አስዋጧት? ይሄን መርዝ ማን ሰጠዎት?»

ሴትዮዋ ክው አሉ።

«ወላሂ መምህር፣ አንተ ነህ!»

«እኔ?»

«ያኔ ጥርሴን ሲያመኝ ጠቅልለህ የሰጠኸኝ ነው። አንዱን ብውጠው ሻረኝ፤ የቀረውን ለክፉ ቀን አኖርኩት። እኔን ያዳነኝን ለእሷ ልንፈጋት? ሦስት ዋጠች።»

ብጣሹን ወረቀት ዘረጋሁት። ከፈተና ወረቀት የተቀደደ ነው። በገዛ እጄ፣ በቀይ ቀለም፣ «መልስህ ግልጽ አይደለም» ይላል። ያኔ ከእናቴ መድኃኒት ቀንሼ ስጠቀልልላቸው፣ የክኒኑን ስም ግን አልጻፍኩበትም።

ተመልሼ ለሐኪሙ ስሙን ነገርኩት። ያው የእሷው መድኃኒት ነው፤ ጠዋት በሰጠኋት ላይ ተደርቧል። መርፌውን ወጋት። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ፣ አንዳንዴም የቆመ እየመሰለኝ፣ አጠገቧ ቆሜ ዋልኩ...

በመጨረሻ ዓይኗን ገለጠች።

«ዘይነባን አልተቆጣሃትም አይደል?»



ከዚያ ወዲህ በወይዘሮ ዘይነባ ደጅ ሦስት ጊዜ አልፌያለሁ... ለቁጣ በር የሚደበድብ እጅ፣ ለይቅርታ ማንኳኳት ይከብደዋል።