ከማል ዳገቱ ላይ ራሱን የያዘ ቀን

እናንተ ወጣቶች፣ ነገ ከርከሮ ልታባርሩ እንደምትወጡ ሰምቻለሁና ይችን ስሙኝ።

በቆሎው እሸት ይዞ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐዩ የሚጠብስበት ሰሞን ነበር። ከርከሮ ማሳችንን ቢጨርሰው እስላሙም ክርስቲያኑም ተጠራርቶ ወደ አምባሰል ዳገት ወጣ። ሥጋውን ማናችንም አንበላው፤ እህላችንን ለማዳን ነው። መሪው አያ ሰይድ ናቸው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆርቆሮ እደበድባለሁ። ልጄ ከማል ጦር ይዞ ከፊት ይሮጣል።

በኛ ዘንድ ሯጭ ከርከሮው እስኪወድቅ ውሃ አይቀምስም፤ ከጠጣ ጉልበቱ ይፈታል ይላሉ። ከማል የመጀመሪያዋን አቀበት እንደጨረሰ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ቁጭ አለ። ግራና ቀኙን በመዶሻ የሚመቱኝ ይመስለኛል አለ። ውሃ ይዤ ብሮጥ አያ ሰይድ ከለከሉኝ። ሻሻቸውን ፈትተው ራሱን ጥፍር አድርገው አሰሩት።

«ተነስ እንጂ፣ አራስ ሆንክ እንዴ?» አሉት።

ሰው ሳቀ። ልጄም አፍሮ ሮጠ።

የከርከሮው ኮቴ እርጥቡ መሬት ላይ ገና ትኩስ ነው፤ አውሬው አልራቀም። ውሾቹ ከቁጥቋጦው ሲያወጡት ቁልቁል ዞረ። ከፊቱ ማን አለ? ከማል። ጦሩን ጥሎ፣ ተንበርክኮ ያስመልሳል፤ ዓይኑ ብዥ ብሎበት አላየውም። እንዴት እንደደረስሁ አላውቅም፣ መሃል ገብቼ ቆርቆሮዬን አውሬው ፊት ላይ ወረወርሁበት። ክራንቻው ቀሚሴን ቀዶት አለፈ። አያ ሰይድ ከታች ወጉት።

ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ልጅሽ ፈሪ ነው።»

«ፈሪስ አንቱ፤ አንድ ኩባያ ውሃ የፈሩ» አልኋቸው።

በባጃጅ ሐይቅ ከተማ ጤና ጣቢያ ወረድን፣ ከዚያም ደሴ ሆስፒታል ላኩን። ራሱን በመሣሪያ እስኪያዩት ነፍሴ አልነበረችም። አንጎሉ ውስጥ ደም አልፈሰሰም፣ አልሐምዱሊላህ። ሐኪሟ እንዲህ ያለው ራስ ምታት ሰው ሳያሟሙቅ በድንገት ሲሮጥ፣ ሙቀትና ጥም ሲጨመርበት ይነሳል አለች። አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመታ፣ ወይም ትውከት፣ ብዥታ፣ የአንገት መገተር፣ ራስ መሳት ካለው እዚያው ቀን ሐኪም ይየው ብላለች። በሻሽ አስሮ ማስሮጥ ከየት የመጣ ነው?

አሁን ከማል መጀመሪያ ይራመዳል፣ ቀስ በቀስ ያፈጥናል፣ ውሃውን ይጠጣል፣ ራሱን ከጀመረው ይቆማል። አያ ሰይድ ግን ዛሬም ሰዉን በጥም ነው የሚያሰልፉት። እኔም ከማል ከዓይኔ ከራቀ ስሙን እጣራለሁ፤ «አለሁ፣ እማ» እስኪለኝ ዝም አልልም። አውሬውን ታስበረግጊብናለሽ ይሉኛል።

ይበርግግ።