ሐሙሩን ወደ ቂብላ ያዞርኩ ዕለት

ይህ ነገር የገጠመኝ ካቻምና፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ዐረብ አገር፣ ዓጅማን ከተማ ውስጥ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር መጀመሪያ እስቃለሁ፣ ቀጥሎ ትንሽ አፍራለሁ። ሌላው ሰው ሚስት እንዴት እንዳገባ ሲጠየቅ «ሽማግሌ ልኬ፣ ተፈቅዶልኝ» ይላል። እኔ የተፈቀደልኝ ግን በድልድይ ሥር፣ ልብሴን እንደለበስኩ ውሃ ውስጥ ሆኜ ነው።

ይመር እባላለሁ፤ የወሎ ልጅ ነኝ። ዲራ በሚባለው የገበያ ሰፈር አንድ የካርጎ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ከአገር ቤት የሚመጡ ነጋዴዎች የገዙትን ዕቃ በካርቶን አሽጎ መላክ ነው ሥራችን። ሉባባን ያወቅኋትም እዚያው ነው። አል ባርሻ በሚባል ሰፈር ከአንዲት ማዳም ቤት ትሠራ ነበር። ለእናቷ ዕቃ ልትልክ መጥታ ያሸግኩላትን ካርቶን ሦስት ጊዜ አስፈታችኝ። አንዴ ሳሙና ረሳሁ አለች፣ አንዴ ሻሽ ረሳሁ አለች። በሦስተኛው የረሳችው ነገር እንዳልነበረ በኋላ ራሷ ነገረችኝ።

ከዓመት በኋላ ለመጋባት ተስማማን።

«እኔ እሺ ብያለሁ» አለችኝ፤ «ግን አያ ሙሄ ሳይመርቀን ኒካህ የሚባል ነገር የለም። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው።»

አያ ሙሄ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ዓጅማን አንድ ቪላ ይጠብቃል። እንደ ደንቡ ሁለት ያገሬን ሰዎች ሽማግሌ አድርጌ ላክሁበት። ሻይ አጠጥቶ መለሳቸው። «ሽማግሌ የሚያወራው ጥሩ ጥሩውን ነው። ልጁ ራሱ ዓርብ ጠዋት ይምጣና ውሃ ላይ ልየው» ብሏቸው ነበር።

«ውሃ ላይ» ማለቱ ምን እንደሆነ ያስረዳችኝ ሉባባ ናት። ቪላው ውስጥ ይኖር የነበረ አንድ ፈረንጅ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲገባ ካያኳን ለአያ ሙሄ ጥሎለት ሄዷል። ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ የሚቀመጥባት ጠባብ፣ ቢጫ የፕላስቲክ ጀልባ ናት። ከዚያ ወዲህ አያ ሙሄ ዓርብ በመጣ ቁጥር ቪላው አቅራቢያ ባለው ድልድይ ምሰሶዎች መሐል ዓሣ ያጠምዳል።

«ውሃ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ሐይቅ አጠገብ እኮ ነው ያደግሁት!» አልኳት።

ሐይቅን በሕይወቴ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም በአውቶቡስ መስኮት። እሷ ግን አምና ለወንድሟ ነገረችው። እሱም አገር ቤት ላሉት እናታቸው ደውሎ «የሐይቅ ልጅ ነው፣ ውሃ ያውቃል» አላቸው። ውሸቴ እኔ ሳልንቀሳቀስ ወሎ ደርሶ ተመለሰ።

በመጀመሪያው ዓርብ በሻርጃ ከተማ ያለውን የመኪና ሰልፍ አልፌ ዓጅማን ስደርስ አያ ሙሄ ካያኳን ውሃው ዳር አቁሞ ይጠብቀኝ ነበር። አጭር፣ ደንዳና፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ሰላምታዬን በግማሽ ተቀብሎ ላይፍ ጃኬት ወረወረልኝ። ራሱም እስከ አገጩ ድረስ ቆልፎ ለብሷል። «የባሕር ሰው ጥንቁቅ ነው» ብዬ አደነቅሁት።

«ያላ፣ ፊት ግባ» አለኝ።

ገባሁ። ካያኳ ስትወዛወዝ ሁለት እጄን ዘርግቼ አየሩን ያዝኩ።

«በቅሎ ላይ አይደለህም» አለኝ ከኋላዬ። «በጉልበትህ አትቆንጥጣት። ልቀቃት፣ ራሷ ታውቃለች።»

የዓሣውን ትምህርት ግን ከልቡ አስተማረኝ። ሐሙር የሚባለው ዓሣ ጥላ ይወዳል፤ ስለዚህ ከምሰሶው ሥር ይደበቃል። ሽሪምፑን መንጠቆ ላይ ሰክተህ ምሰሶውን ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው ነው የምትለቀው። ከራቀ አይመጣልህም። ከያዘልህ ደግሞ ትንፋሽ ሳትሰጠው ወደ ውጭ ትጎትተዋለህ። ምሰሶውን ከዞረ፣ እዚያ ላይ የተጣበቀው ስለታም ቅርፊት ክርህን ይቆርጠዋል።

«ከሁሉም በላይ ግን» አለኝ፣ «የካያኳን አፍንጫ ለውሃው ስጥ። ባሕሩ ሲሸሽ ውሃው እዚህ ሥር ይፈጥናል። ጎኗን የሰጠኸው ቀን ምሰሶው ላይ ይለጥፍሃል። ከዚያ ኸላስ።»

በመጀመሪያው ዓርብ ያጠመድኩት ድልድዩን ነው። በሁለተኛው ዓርብ የአያ ሙሄን ኮፍያ አጠመድኩ። መንጠቆውን ከኮፍያው ላይ አውጥቶ ኮፍያውን መልሶ ደፋ። ስንለያይ እንዲህ አለኝ።

«በሚመጣው ዓርብ አንድ ዓሣ አውጣ። ካልሆነ የእህቴን ነገር ከረመዳን በኋላ እናየዋለን።»

ከረመዳን በኋላ ማለት እምቢ ማለት ነው። ደሴ ሱቅ ያለው አንድ ሰው ሉባባን ለትዳር እናቷን ደጋግሞ ሲጠይቅ እንደከረመ አውቃለሁ። ከዒድ በኋላ ደግሞ ሉባባ ለዕረፍት አገሯ ትገባለች። ያን ሳምንት ካርቶን ሳሽግ ፕላስተሩን እጄ ላይ ስንት ጊዜ እንዳጣበቅሁ አይጠየቅ።

ሦስተኛው ዓርብ ደረሰ። ሉባባም ከማዳሟ ፈቃድ አግኝታ አብራኝ መጣች። ዳር ላይ ምንጣፍ አንጥፋ፣ የሻይ ፔርሙዝ አጠገቧ አድርጋ ተቀመጠች። አያ ሙሄ ስልኩን ለእሷ ሰጣት። እኔ የራሴን በላስቲክ ከረጢት አድርጌ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ።

ሦስተኛው ምሰሶ ሥር ሽሪምፑን ለቀቅሁ። ብዙም አልቆየ፤ የማጥመጃው ዘንግ በአፍጢሙ ሊደፋ ሆነ። «ጎትት! ወደ ውጭ! ወደ ውጭ!» ይላል አያ ሙሄ። ጎተትኩ። ምን እንዳደረግሁ እኔም አላውቅም፤ ብቻ ክንድ የሚያህል፣ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት ሐሙር ጉልበቴ ላይ ዘፍ አለ።

«ማሻአላህ» አለ አያ ሙሄ። በሦስት ዓርብ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ምርቃት ነበር። ሉባባም ከዳር እልልታዋን ለቀቀችው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

በእኛ ሰፈር ሴት ዶሮ አታርድም። ወንድ ከቤት ከሌለ ዶሮዋን ታቅፋ የሚያርድላት ፍለጋ ትወጣለች። ልጅነቴን ያሳለፍኩት በዚህ ነው። «ይመርን ጥሩት፣ ቢስሚላው የታመነ ነው» ይባል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕይወት ያለው ነገር እጄ ላይ ከገባ ሳይታረድ ሲሞት ዝም ብዬ አይቼ አላውቅም። ዓሣ በልቻለሁ፤ ግን ዲራ የሚገዛው ዓሣ ሞቶ ነው የሚመጣው። እንዴት እንደሞተ ጠይቄም አላውቅም።

እውነቱን ለመናገር ሌላም ነገር ነበረበት። አያ ሙሄ እንዲያየኝ ፈለግሁ። የደሴው ሰውዬ ሱቅ ካለው፣ እኔ ቢስሚላህ አለኝ።

«ቢላዋውን አቀብለኝ» አልኩት። ክር የምቆርጥ መስሎት ሰጠኝና አንገቱን ደፍቶ ሽሪምፕ መሰካቱን ቀጠለ። ስልኬን ከላስቲኩ አወጣሁ። ቂብላን፣ የመካን አቅጣጫ፣ የሚያሳየውን ከፈትኩት። ቀስቱ በግራ ትከሻዬ በኩል አመለከተ። ዓሣውን በጉልበቴ ይዤ፣ በመቅዘፊያው ካያኳን ቀስ እያልኩ ማዞር ጀመርኩ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ አያ ሙሄ።

«ወደ ቂብላ እያዞርኩ ነው።»

«ምኑን?»

«ዓሣውን!»

«አንተ፣ ዓሣ ይታረ...»

አልጨረሰውም። ውሃው የካያኳን ጎን እንዳገኘ አንስቶ ከምሰሶው ጋር አላተመን። ሰማዩ ዞረ፤ ከዚያ ጆሮዬ በጨው ውሃ ተሞላ።

ብቅ ስል ስልኬም ቢላዋውም ሐሙሩም የሉም። ፊት ለፊቴ ያለው አያ ሙሄ ብቻ ነው። የላይፍ ጃኬቱን ማንገቻ በሁለት እጄ ጨመደድኩት። ውሃው ሁለታችንንም ምሰሶው ላይ ለጥፎናል።

«ዋና አልችልም!» ብዬ ጮህኩ።

«እኔስ መቼ እችላለሁ!» ብሎ ጮኸ።

በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ገረመኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ እዚህ ውሃ ላይ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው! ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለእኛ ነው አልኩ። መሞቴ ነው ብዬ ሸሃዳዬን ማለት ጀመርኩ። አያ ሙሄም ሸሃዳውን ጀምሮ መሐል ላይ አቋረጠው።

«ይመር! ዋላሂ ሉባባን ሰጥቼሃለሁ! ሰማኸኝ? ሰጥቼሃለሁ! ብቻ እንዳትለቀኝ!»

«ቁሙ» አለ አንድ ድምፅ።

ዞር ስንል ሉባባ ከእኛ ሦስት እርምጃ ርቃ ቆማለች። አባያ ቀሚሷ ዙሪያዋን ተንሳፍፏል። ውሃው ወገቧን ትንሽ ቢያልፍ ነው።

«ምን?» አልኳት።

«በእግራችሁ ቁሙ!»

እግሬን ወደ ታች ዘረጋሁ። አሸዋ ነው። ውሃው ከምሰሶው ሥር አሸዋ ከምሮ ኖሯል። ቀጥ ብዬ ስቆም ሆዴ ጋ ደረሰ። አያ ሙሄ አጠር ስለሚል እሱን ደረቱ ጋ ደረሰው። ያን ሁሉ ጊዜ ጉልበታችንን አጥፈን ነበር የሰጠምነው።

ካያኳ ተገልብጣ ሁለት ምሰሶ ወደ ታች ሄዳለች። ተራምደን ሄደን አመጣናት።

ዳር ስንወጣ ሉባባ ወንድሟ ላይ ተነሳች።

«ሰጠሁህ ያልከው ማንን ነው? ካርቶን ነኝ እንዴ? ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ዓሣ ሲጎረጉር እህቱን የሚሰጥ ግን ዛሬ አየሁ!»

እየተቆጣች ሻይ ትቀዳልናለች፤ ሻዩ ግን ከብርጭቆው ውጭ ይፈስሳል። ያኔ ነው የገባኝ። ወደ ውሃው ስትገባ ጥልቀቱን አታውቅም ነበር። ከዚያ በፊትም እወዳት ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነው።

ዝም ማለት አልቻልኩም። «አያ ሙሄ» አልኩት፣ «በፍርሃት የወጣ ቃል ቃል አይደለም። የሰጠ ቢነሳ የለበትም ወቀሳ። ደግሞም እኔ የሐይቅ ልጅ አይደለሁም። ሐይቅን የማውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው።»

ሉባባ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች። አያ ሙሄ ጫማውን አውልቆ ውሃውን ደፋ። ሁለተኛውንም ደፋ። ከዚያ ስልኩን ከእሷ ተቀብሎ ወደ አገር ቤት ደወለ። ጆሮው ውስጥ ውሃ ስለገባ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ነው የሚያወራው።

«እማ፣ ልጁን አየሁት።»

«እንዴት ነው? ውሃ ያውቃል?» አሉ እናቱ።

«አያውቅም።»

«ዓሣስ?»

«ዓሣማ ጭራሹን አያውቅም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የሚያውቀው?»

አያ ሙሄ ቀና ብሎ አየኝ። «የያዘውን አይለቅም፣ እማ» አላቸው።

እናቱ ምርቃታቸውን ጀመሩ። ሦስታችንም ከነርጥብ ልብሳችን እጃችንን ዘርግተን አሚን አልን። ከዒድ በኋላ ኒካሃችን ታሰረ።

ዛሬ ሉባባና እኔ ሻርጃ ነው የምንኖረው። እኔም አያ ሙሄም ዋና እየተማርን ነው፤ እሱ ከእኔ ይብሳል። እሱ ታዲያ ያገር ልጅ በተሰበሰበበት ሁሉ ይህችን ታሪክ ያወራል። «ሞት ፊት ለፊታችን ቆሞ ይህ ልጅ አለቀቀኝም» እያለ ትከሻዬን ይመታኛል። እኔ አንገቴን እደፋለሁ። ሰዎቹ ትሕትና ይመስላቸዋል።

ትሕትና አይደለም። አያ ሙሄን የያዝኩት ላድነው ብዬ አልነበረም። አጠገቤ የሚጨበጥ ነገር እሱ ብቻ ስለነበር ነው። በርሜል ቢሆን በርሜሉን እይዝ ነበር። ይህን ልነግረው ስንት ዓርብ አሰብኩ፤ ፊቱን ሳየው ግን አቃተኝ።

ባለፈው ሳምንት ለሉባባ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ በሳቅ ፈረሰች።

«እኔም አንድ ነገር አለብኝ» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «ያን ቀን ቁሙ ከማለቴ በፊት አጠገባችሁ ቆሜ ነበር። አያ ሙሄ ስሜን ሲጠራ ሰማሁትና፣ እስኪጨርስ ጠበቅሁት።»

አያ ሙሄ፣ ይህን ካነበብክ ሁለታችንንም አፉ በለን።