ጥለውት ሲሄዱ የማይጠራ ሻጭ

የልቤ ቫልቭ ከኪሴ ሰባት ሺህ አራት መቶ ዶላር አስወጥቶኛል። አልከፍልም ያልኩት የኢንሹራንስ ጭማሪ በወር አርባ ሁለት ዶላር ነበር።

የመጀመሪያው ምልክት ትንፋሽ ማጠር ነው። ካሊፎርኒያ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ቅመምና የሐበሻ ልብስ ስሸጥ ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም፣ ሱቄን የገዛውን ሰው ለመተቸት ጠዋት ጠዋት ብቅ እል ነበር። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ አንድ ብሎክ ስሄድ ሁለቴ መቆም ጀመርኩ። ሰው እንዳይነቃብኝ የሬስቶራንቱን ሜኑ የማነብ እመስላለሁ። ሜኑውን በቃሌ ያዝኩት።

ከዚያ በፊት ያደረግሁትን ልናገር። ሜዲኬር፣ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው ኢንሹራንስ፣ ከሐኪሙ ክፍያ ሰማንያ በመቶውን ይከፍላል፤ ቀሪውን የሚሸፍነው ተጨማሪ ኢንሹራንስ ነው። ዕድሜዬ ሲጨምር ዋጋውም ይጨምራል። አንድ ዓመት በዛብኝና ደወልኩ።

«ቀንሱልኝ እንጂ።»

«አይቻልም፣ ሰር።»

«ኦኬ፣ ካንስል አድርጊው» ብዬ ዘጋሁ።

መርካቶ የነገደ ይገባዋል፤ ዋጋ አልስማማ ካለ ጥለህ ትሄዳለህ፣ ሦስት ሱቅ ሳታልፍ ሻጩ ይጠራሃል። እኔም እስኪጠሩኝ ጠበቅሁ። የመጣው አብረውን ስለቆዩ እናመሰግናለን የሚል ደብዳቤ ነው። ባለቤቴ ብርቄ የራሷን ጭማሪ ዝም ብላ ከፈለች።

ትንፋሼ ሲብስብኝ የሄድኩባት የልብ ሐኪም በኢኮ፣ በልብ አልትራሳውንድ፣ አየችኝ።

«አኦርቲክ ስቴኖሲስ ነው። ቫልቩ ጠቧል። ኦፕራሲዮን ያስፈልግዎታል።»

«ጃንዋሪ ላይ አይሆንም?» አልኳት። ጤናዬን ሳይጠይቅ የሚቀበለኝ ሌላ ፕላን የሚጀምረው ያኔ ነበር።

«ጃንዋሪ ድረስ መቆየትዎን እርግጠኛ አይደለሁም።»

ወደ ድሮው ኢንሹራንስ ደወልኩ። የልብ ሕመም አለብዎት ወይ አሉኝ። አለብኝ አልኩ። አንቀበልም አሉ።

ያን ቀን ራት አልበላሁም።

ብርቄ ለኩሽናዋ ካቢኔት ብላ ዕቁብ ትጥል ነበር። ተራዋ ገና ነው። ዕጣ የወጣላቸው እትዬ ዘነበች ግን፣ «የኔ ይቆያል፣ አንቺ ውሰጂው» ብለው ለቀቁላት።

«ካቢኔትሽስ?» አልኳት።

«ካቢኔት አይነዘንዘኝም። ብቻዬን ምን አደርገዋለሁ?»

ደረቴን ከፈቱት። ልቤን አቆሙት። መልሰው አስነሱት። ስነቃ እጄን የያዘችው እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ቀስ ብለው ሄዱ፤ ለካርዲያክ ሪሃብ፣ ለልብ ማገገሚያ ስፖርት፣ እሷ ድራይቭ እያደረገች ትወስደኝና፣ ስንመለስ ክንዴን ይዛ ያችኑ ብሎክ ታስኬደኛለች፣ ሬስቶራንቱ በር ላይ ስንደርስም ድካሜን ያላየች መስላ «እስቲ ዛሬ ምን አላቸው፣ አንብብልኝ» ትለኛለች። አንድ ቀን ሳልቆም አለፍኩት። እሷ ቆማ አለቀሰች።

እንደኔ ለምትሆኑ ምክሬ ይህ ነው። ጭማሪው ቢያናድዳችሁም፣ አዲሱ ተቀብለናል ብሎ በጽሑፍ ሳያሳውቃችሁ አሮጌውን አትልቀቁ። እዚህ ካሊፎርኒያ ያው ተጨማሪ ኢንሹራንስ ያላችሁ ሰዎች ከልደታችሁ ጀምሮ ለአጭር ጊዜ ጤናችሁን ሳትጠየቁ ሽፋኑ ከያዛችሁት ወደማይበልጥ ርካሽ ፕላን መዛወር ትችላላችሁ፤ የሚቆጠረው ወረቀታችሁ ላይ ያለው ልደት ነው፣ እናታችሁ የምታውቀው አይደለም። በነጻ የሚያማክሩ ሰዎች አሉ፤ ጠይቁ። ትንፋሽ ሲያጥራችሁ ደግሞ ሜኑ አታንብቡ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ሐኪሟን፣ ነርሶቹንና እትዬ ዘነበችን አመሰግናለሁ።

ቀሪ ዕዳ፦ ለሆስፒታሉ ምንም። ለብርቄ አንድ ኩሽና።