የጋሽ ሐምዱ «ዋና»

ከምን አለሽ ተራ ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ብረት ከሚቀጠቅጡት ሰዎች አጠገብ፣ ሐምዱ የሚባል ሳይክል ጠጋኝ ነበር። ዕድሜው ስድሳን ቢጠጋም ባቱ እንደ ጎረምሳ ባት የጠጠረ ነው። በወጣትነቱ በሳይክል ተወዳድሮ ዋንጫ ወስዷል፤ ዋንጫዎቹንም ከሱቁ ግድግዳ ላይ፣ ከተሰቀሉት የጎማ ካላማደሪያዎች መካከል፣ አቧራቸውን እየጠረገ ያኖራቸው ነበር። ሰው አክባሪ ነው፤ መከበርም ይወዳል። መከበር መውደድ ነውር አይደለም። ነውሩ የሚመጣው ሰው ባልሆነው ነገር ሲያከብሩት ዝም ያለ እንደሆነ ነው።

ሚሌኒየሙ በተከበረ በዓመቱ የቀበሌው ወጣቶች አንድ አዲስ ቡድን አቋቋሙ። መጀመሪያ የሚዋኝበት፣ ከውሃው ወጥቶ ሳይክል የሚነዳበት፣ ከሳይክሉ ወርዶ ደግሞ የሚሮጥበት ውድድር ነው፤ ትራያትሎን ይሉታል። ስሙ ለመርካቶ አፍ ስላልተመቸ ነጋዴው «ሦስት በአንድ» አለው። ወጣቶቹ ሳይክሉን የሚያስተምራቸው፣ ቡድኑንም የሚመራላቸው ሰው ሲያፈላልጉ ከሐምዱ የተሻለ አላገኙም። መዋኘቱን የሚችሉት የማይችሉትን እየረዱ በሆቴል ገንዳ ይለማመዱታል ተባለና፣ እሱ የሁሉ የበላይ ሆኖ ተመረጠ።

ሰላሁዲን የሚባል የዱባይ ተራ ነጋዴ የሐምዱ የልጅነት ጓደኛ ነው። ሹመቱን በሰማ ጊዜ ሰማያዊ ቱታ አበረከተለት፤ ከጃኬቱ ጀርባ ላይም በትልልቅ ነጭ ፊደል «ዋና አሰልጣኝ» ብሎ አሳተመበት። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ና»ን አጥብቆ ያነበበ ሰው ሐምዱ የአሰልጣኞች አለቃ መሆኑን ይረዳል። አላልቶ ያነበበው ደግሞ ውሃ ዋና የሚያስተምር ሰው ነው ይላል። መርካቶም አላልቶ አነበበው።

መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ሐምዱ የተወለደው ስልጤ ደጋ ላይ ነው፤ ያደገው መርካቶ ነው፤ ከጉልበቱ የሚያልፍ ውሃ ገብቶ አያውቅም። ይህን የሚያውቀው ሰላሁዲን ሻይ ቤት ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት፣ ሐምዱ ከውሃ ጋር የሚተዋወቀው ለሶላት በሚታጠብበት የውዱእ ማንቆርቆሪያ ነው እያለ ያስቅበት ነበር። ሐምዱም አብሮ ይስቃል። ቆይቶ ግን ሳቁ ቀረና አክብሮቱ መጣ። የማያውቀው ነጋዴ ሳይቀር ከመንገድ አስቁሞ ልጁን ዋና ያስተምርለት እንደሆነ ይለምነው ጀመር። አንዲት ሴትዮ ስንት ሰው ከመስጠም እንዳተረፈ ጠየቀችው። ሐምዱ አልዋሸም፤ ግን አላረመም። እኔ የሳይክል ሰው ነኝ ለማለት አፉን ይከፍትና፣ ጠያቂው በአድናቆት እያየው ሲጠብቅ፣ አላህ ያውቃል ብሎ ያልፈዋል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበር ነገሩ።

ጤናዬ ወደ ቡድኑ ዘግይታ የገባች ወጣት ናት። የተክለ ሃይማኖት ሰፈር ልጅ ናት፤ አባቷ በልጅነቷ ሞቶ፣ እናቷ እትዬ አስናቀች ቅመማ ቅመም እየሸጡ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ገንዳ ውስጥ ከወንዶቹ ሁሉ ትቀድማለች። ሐይቅ ግን ገብታ አታውቅም፤ መሬቱ የማይታይ ውሃ ያስፈራታል። ክረምቱ ወጥቶ የዓመቱ የመጀመሪያ የሐይቅ ልምምድ ቢሾፍቱ እንዲሆን በተቆረጠ ጊዜ፣ ሳይክሏን ለማስጠገን አሳብባ ሐምዱ ሱቅ መጣች። ካቴናውን ግራሶ ቀብቶ ጨረሰላት፤ እሷ ግን አልሄደችም።

«ጋሼ፣ እኔ ስዋኝ እርስዎ ከኋላዬ ይኖራሉ?» አለችው።

ሐምዱ ፔዳሉን በእጁ ማሽከርከሩን አላቆመም። ጃኬቱ ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ልጅቷ ጽሑፉን ታየዋለች። እንዴት አድርጋ እንደምታነበውም ገባው።

«አለሁ» አላት።

በመርካቶ «አለሁ» ትልቅ ቃል ናት። ዋስ የጠፋበት፣ ሱቁ የተቃጠለበት፣ ሐዘን የገባበት ሰው ከሌላው ሰው የሚፈልገው ይህችን ቃል ነው። ጤናዬ ፊቷ በራ፤ ሳይክሏን እየገፋች ሄደች። ሐምዱም ብቻውን ሲቀር፣ አለሁ ማለት እኮ ዳር ላይ መኖርም ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

የጥቅምት ብርድ የታወቀ ነው፤ አበው ለእሱ ብለው አንድ አጥንት ፈቅደዋል። ሚኒባሱ ከሐይቁ አፋፍ ሲደርስ ፀሐይ ገና አልወጣችም። ከውሃው ላይ ጉም ይነሳል፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ሙናዊር የሚባለው የቡድኑ አባል ሐይቅ ዳር ያደገ ነውና፣ ቀስ ብለን ፊታችንንና ደረታችንን እያረጠብን እንግባ ብሎ ነበር። ሐምዱ ግን በሳይክል ሰው ልማድ አዘዘ። ዳገቱን ወጣ ወረድ እያላችሁ ሩጡት፣ ላብ ሲያጠምቃችሁ ሳትቆሙ ግቡ፣ ሞቆ የገባን ሰው ብርድ አይደፍረውም አላቸው። እንደሚያውቅ ሰው ነበር የተናገረው። ሙናዊርም ከታላቅ ጋር አልከራከርም ብሎ ተወው።

ወጣቶቹ እንደታዘዙት እየሮጡ ገቡ። ወንዶቹ ብርዱ ሲነካቸው ጮኹ፣ ተሰዳደቡ፣ ተሳሳቁ፣ ቀጠሉ። ጤናዬ ጥቂት ራቅ ብላ ሄደችና ቆመች። ክንዷ መቅዘፉን ተወና ውሃውን ይመታ ጀመር። ትንፋሿ ይገባል እንጂ አይወጣም። አንድ ጊዜ ጠለቀች። ብቅ ስትል ፊቷን ያዞረችው ወደ ጓደኞቿ ሳይሆን ወደ ዳር ነበር።

«ጋሼ» አለች። አልጮኸችም፤ አጠገቧ ያለ ሰው የጠራች ያህል ነው ያለችው።

ሐምዱ ገባ። ውሃው ጫማውን ሞላው፤ ሱሪውን ይዞ ወጣ፤ ጉልበቱ ላይ ደረሰ። እዚያ ላይ እግሩ ቆመ። ልቡ ሂድ ይለዋል፣ እግሩ አልታዘዝ አለ። ግድግዳ ሙሉ ካላማደሪያ የሰቀለ ሰው፣ አንዲት የመኪና ካላማደሪያ ነፍቶ ይዞ አለመምጣቱ ትዝ ያለው ያን ጊዜ ነው። እጅሽን ዘርጊ እያለ ጮኸ፤ ማን እንዲይዘው እንደሚያዛት ራሱም አያውቅም። ሙናዊር ጩኸቱን ሰምቶ ከሩቅ ዞሮ መጣ፤ ከብብቷ ሥር ይዞ በጀርባዋ አንሳፎ አወጣት።

ሣሩ ላይ አስተኟት። ውሃ አስመለሳት፤ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ሐምዱ ጃኬቱን አውልቆ አለበሳት። ጓደኞቿ አንድም ቃል አልወቀሱትም። እንዲያውም አንደኛው፣ ጋሽ ሐምዱ እኮ ጉልበታቸውን ያማቸዋል አለ፤ ሌላው አዎ ብርድ አይወድላቸውም ብሎ ጨመረበት። ሐምዱ ጉልበቱን አሞት አያውቅም። ልጆቹም አይተውት እንዳላዩ መሆናቸው ነበር፤ ያ ከስድብ በላይ አቃጠለው። ጤናዬ ዓይኗን በእጅጌው ጠርጋ ቀና አለች።

«አሳፈርኩዎት፣ ጋሼ።»

እስከ መርካቶ ድረስ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ሄደ። እርጥብ ሱሪው ከእግሩ ተጣብቋል። ሲኮራበት የኖረውን ባቱን ዝቅ ብሎ አየው፤ የሌላ ሰው መሰለው።

ብዙም ሳይቆይ፣ በእሑድ ቀን፣ እትዬ አስናቀች ሰው ልከው ቤታቸው አስጠሩት። ሐምዱ ወቀሳ ጠብቆ ሄደ፤ ወቀሳው ቢሆን ይቀለው ነበር። ሴትዮዋ ግን ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በሩ ላይ ተቀበሉትና ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። በግድ አነሳቸው። እስላም መሆኑን አስበው ከቤታቸው ምግብ አላቀረቡለትም፤ ከሱቅ ሚሪንዳ አስመጥተው፣ ፊቱ ከፍተው፣ በብርጭቆ ቀዱለት። ልጃቸው ሁሉን ነግራቸዋለች። በዚህ ዕድሜው ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ሐይቅ ገብቶ ከሞት እንዳወጣላቸው፣ እሱ ከኋላዋ እስካለ ድረስ ልጃቸው ወደፊትም ብትዋኝ እንደማይሰጉ፣ እየመረቁ ነገሩት።

ጤናዬ ከመጋረጃው አጠገብ ቆማ በዓይኗ ትለምነዋለች። ልመናዋ ገባው። እናቷ እውነቱን ከሰሙ ሁለተኛ ሐይቅ አያሳዩዋትም። ውሸቱ ለእሱ ክብር ነው፤ ለእሷ ደግሞ ፈቃድ ነው። ከሐምዱ የሚፈለገው ዝም ማለት ብቻ ነበር። ዝም ማለት ደግሞ ለምዶታል።

ብርጭቆውን ሳይነካ ቀና አለ።

«እትዬ፣ ልጅዎን ያወጣት ሙናዊር የሚባል ልጅ ነው። እኔ እዚህ ድረስ ገብቼ ቆሜ ቀረሁ» አለና ጉልበቱን ነካ። «ዋና አልችልም። ችዬም አላውቅም። እየሮጣችሁ ግቡ ብዬ ያዘዝኳቸውም እኔ ነኝ።»

እትዬ አስናቀች ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ልጅቷ አቀረቀረች። መልሰው እሱን አዩት። ፊታቸው ላይ ቁጣ ቢያይ ደስ ይለው ነበር፤ ቁጣ አልነበረም።

«ከኋላሽ አለሁ ብለዋት ነበር?»

«ብያት ነበር።»

«ሳይችሉ?»

«ሳልችል።»

ብዙ ምክንያት አዘጋጅቶ ነበር። ሁሉም ከአፉ ሳይወጣ አስጠላው። ተነስቶ ይቅርታ ለመጠየቅ እጅ ሲነሳ እትዬ አስናቀች ወንበሩን አመለከቱት።

«ተቀምጠው ይጠጡት፤ ቤቴ የቀረበ አይመለስም።»

ተቀመጠና ጠጣ። ጉሮሮው ሲውጥ ለራሱ ይሰማዋል፤ ለእነሱም እንደሚሰማ ያውቃል። ጋዙ አፍንጫውን እያቃጠለው፣ ሳያሳርፍ፣ እስከ ታች ድረስ ጨረሰው። እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

ጤናዬ እንደ ደንቡ እስከ በሩ ሸኘችው። ዓይኗ ቀልቷል። በዚያ ዓመት ሐይቅ እንደማትገባ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ደህና ይዋሉ፣ አቶ ሐምዱ» አለችውና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ዳገቱን ወደ ሱቁ ሲመለስ መንገደኛው ሁሉ እንደወትሮው ጋሼ እያለ ሰላም ይለው ነበር። እጁን እያነሳ፣ ዓይኑን ሳያነሳ አለፈ።