አቧራ ይዞ አይገባም

የድሮውን የክር ፋብሪካ የሚጠብቁት ሽማግሌ ሲያወሩ ይጮኻሉ። ሠላሳ ዓመት ከማሽን ጋር ሲጯጯሁ ኖረው፣ ማሽኖቹ ተነቅለው ከሄዱ በኋላም ድምፃቸው አልወርድ ብሏል። ካፖርታቸው የተጣፈ ነው፤ መጣፉ ግን ቀርቦ ላላየው አይታወቅም።

መሐል ከተማው እንደ አዲስ ሊሠራ ስለሆነ፣ የሚፈርሰውን በቀይ፣ የሚተርፈውን በነጭ ጠመኔ የምታሰምር ኢንጅነር መጥታለች። ትልቁ አዳራሽ በር ላይ ስትደርስ ቀዩን አወጣች። ግድግዳው ስንጥቅ ባይኖረውም ጣሪያው ተቀዷል፤ ወለሉን የእርግብ ኩስ ሞልቶታል። ሽማግሌው ግን ደፉ ላይ ቆመው ጫማቸውን በጨርቅ ይጠርጉ ጀመር።

«አባባ፣ ምን ያደክምዎታል? ውስጡ ይብሳል እኮ!»

«ክር አቧራ አይወድም፣ ልጄ!» ብለው ጮኹና ጨርቁን አቀበሏት።

ኢንጅነሯ ቀዩን ጠመኔ ኪሷ ከተተች። ጫማዋን ጠርጋ፣ ነጩን ይዛ ገባች።