የጥይት ዕቁብ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም። ንስሐ አባቴ ፊት ጾም በገባ ቁጥር እቀርባለሁ፤ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ ይቺን ብቻ ከምላሴ ሥር ይዤ እመለሳለሁ። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው። ድፍረት እንዳይመስላችሁ።

ከአገር ርቄ፣ ኦሮራ በምትባል ከተማ የምኖር ሾፌር ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ባለ የተኩስ መለማመጃ፣ ሬንጅ በሚሉት ቦታ እየተገናኘን ዒላማ የምንተኩስ ጥቂት ሐበሾች ነበርን። ሌላው ሰው ካርታ ይጫወታል፤ እኛ ወረቀት እንበሳለን። ከሁላችን ትልቁ ጋሼ መኩሪያ ነበሩ። በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ፤ እዚህ አገር ኤርፖርት ፓርኪንግ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ ከልጃቸው ከሰናይት ጋር ይኖራሉ፤ የልጅ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያመላልሱትም እሳቸው ነበሩ። ኩራታቸው መሣሪያ ማጽዳት ነበር። አሮጌ ነጭ ሸሚዝ በትንንሹ ቀደው፣ ጨርቁን በዘንግ በርሜሉ ውስጥ እየሰደዱ፣ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አይለቁትም።

«ጋሼ፣ ሽጉጡን ሊድሩት ነው እንዴ?» እንላቸዋለን።

«እናንተ መኪናችሁን እንኳ ዋሽ አታደርጉም፤ በምን አፋችሁ ነው የምታወሩት?» ይሉናል።

ከዚያ ጥይት ተወደደ። መጀመሪያ ትንሽ ጨመረ፤ ቀጥሎ ብዙ ጨመረ፤ ቆይቶ ደግሞ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ሲገኝም ለአንድ ሰው ከአንድ ፓኬት በላይ አንሸጥም ማለት ጀመሩ። ሰዉ ቅዳሜን እየተወ ቀረ። ጋሼ በጡረታ ገንዘብ የሚደፈር ነገር ስላልነበረ ሽጉጣቸውን አጽድተው ይመጡና ሳይተኩሱ ከኋላችን ቆመው ያዩን ነበር። ያንን ማየት ያሳዝን ነበር። ይህን ጊዜ ነው ዕቁብ እንጣል ያልኩት። በየወሩ አዋጥተን አንድ ካርቶን ጥይት በጅምላ እንገዛለን፤ ዕጣ የወጣለት ካርቶኑን ይወስዳል። ሰብሳቢ እኔ ሆንኩ። ታማኝ ነው ብለው ነበር የመረጡኝ።

የጋሼ ዕጣ የወጣው ጥይት ከምንጊዜውም በላይ በተወደደበት ወር ነበር። ካርቶኑ እኔ ጋራዥ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን የዒላማ ውድድር ተመዝግቤ ጥሩ ጥይት አጥቻለሁ። ያለኝ ራሴ የሞላሁት ነበር፤ የተተኮሰ ቀለሃ ለቅሜ አዲስ ባሩድና እርሳስ ያደረግኩበት። ጋሼ እንዲህ ያለውን በእጃቸው አይነኩም። «የጓዳ ጥይት» ይሉታል። ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ? የእሳቸውን የፋብሪካ ጥይት ለራሴ ገለበጥኩ፤ በባዶው ፓኬት የጓዳውን ደርድሬ ክዳኑን መልሼ ሰጠኋቸው። ሰረቅኩ፤ ሌላ ስም የለውም። ካርቶኑን ሲቀበሉኝ መረቁኝ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሽጉጡ እጃቸው ላይ ፈነዳ። አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ዛሬም አይታጠፉም። የሬንጁ ሠራተኛ ሮጦ መጥቶ እጃቸውን በፎጣ ጠቀለለው፤ የተሰነጠቀውን ሽጉጥ አገላብጦ አየና በርሜሉ ውስጥ የቀረ ነገር ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጨርቁን ረስቼው ይሆን እንዴ ልጄ? እንዲህ ያለ ነገር ረስቼ አላውቅም እኮ» አሉኝ።

እኔ ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ባሩዱን እየሞላሁ ሳለ ስልክ ተደውሎልኝ ሳወራ ቆየሁ፤ ስመለስ የትኛው እንደተሞላ፣ የትኛው እንደቀረ ጠፋብኝና በግምት ቀጠልኩ። አንዷ ቀለሃ ሁለቴ ተሞልታለች። የረሳሁት እኔ ነኝ። ይህን እያወቅኩ፣ ደሙ በፎጣው አልፎ እየወጣ፣ «ጋሼ፣ ረስተውት ይሆናል፤ ዕድሜም እኮ አለ» አልኳቸው።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ሰናይት ሆስፒታል ስትደርስም ደገምኩት። እሷም ምድጃ ሳያጠፉ የወጡበትን ቀን አስታወሰች። ከእኛ ውስጥ ምድጃ ረስቶ የማያውቅ ማን አለ? እንዲህ ማለት ሲገባኝ፣ ልክ ነሽ በሚል ራሴን ነቀነቅኩላት። የመኪናቸውን ቁልፍ ወሰደችባቸው። ልጆቹ በባስ መሄድ ጀመሩ። ጋሼ ክርክር አላነሱም፤ እኔ ምስክር ሆኛለሁና።

ከካርቶኑ የተረፈውን ጥይት «እኔ ልጣልልዎት» ብዬ ወሰድኩት። አልጣልኩትም። ፈትቼ ባሩዱን መልሼ ተጠቀምኩበት፤ ተወዶ ነበራ። ውድድሩም አልቀረብኝም፤ በጋሼ ጥይት ተኮስኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው? ይኸው እኔ።

ሰናይት ዛሬም ባገኘችኝ ቁጥር ታመሰግነኛለች። «ወንድሜ ነህ፤ ያኔ በጊዜ ባትነግረን ኖሮ አባዬ ልጆቼን ይዞ አክሲደንት ያደርግ ነበር» ትለኛለች። ምሳ ታቀርብልኛለች፤ እበላለሁ።

አንድ እሑድ ከጋሼ ጋር ብቻችንን ስንሆን ሞከርኩ። «ጋሼ፣ ያን ቀን እርስዎ አልረሱም» አልኳቸው። በማይታጠፉት ጣቶቻቸው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። «ተው ልጄ፤ እኔን ለማጽናናት ብለህ ነው። ራሴን አውቄዋለሁ» አሉኝ። ቀጥሎ ያለውን፣ ጥይቱን የቀየርኩትን፣ መናገር ነበረብኝ። ቀለል አለኝና ዝም አልኩ። አዎ፣ ቀለል አለኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን ምን አደረግኳችሁ? እሳቸውንም አልጠየቅኩም፤ እንደማልጠይቅም አውቀዋለሁ፤ ራሴን ጠንቅቄ ነው የማውቀው።

ባለፈው እሑድም ሄጄ ነበር። ጋሼ ሻይ አፍልተው መጡ፤ አንዴ ከተቀመጡ በኋላ ተነሥተው ወደ ኩሽና ሄዱ፤ ተመለሱ፤ እንደገና ተነሡ። በሩ ላይ ቆመው ወደ እኔ አዩ።

«ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ?»

«አጥፍተዋል ጋሼ» አልኳቸው።

ያኔ እፎይ ብለው ተቀመጡ። የራሳቸውን ዓይን አያምኑም። የሚያምኑት እኔን ነው።